የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰርተፊኬት ያለው ብቻ እንዲገባ

ጥያቄ፦ የቡና ግዢ የምንመዘግብበት ዌብ መተግበሪያ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቢሯችን ሰርቨር ላይ ኢንጂን ኤክስ በተባለው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ይሠራል። የአጋሮ ሠራተኞቻችን የይለፍ ቃል ስለሚዋዋሱ ለየኮምፒውተሩ ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ ኮምፒውተሩን የሚለይበት ዲጂታል መታወቂያ) አዘጋጀሁ። አንዳንዱ ፋይሉ ሲጫን «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ይላል፤ ሌላው ተጭኖለትም የ400 ስህተት ያወጣል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የይለፍ ቃሉን አልተሳሳቱም። ሰርተፊኬት የሚዘጋጅበት ሶፍትዌር ኦፕን ኤስኤስኤል ከ3ኛው እትም ወዲህ የፒ12 ፋይል (ሰርተፊኬቱና የግል ቁልፉ አብረው የሚታሸጉበትን) የሚቆልፈው ኤኢኤስ 256 በተባለ ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ ነው። የቆዩ ዊንዶውሶች ይህን መክፈት ስለማይችሉ በይለፍ ቃሉ ያሳብባሉ። ለእነዚያ ኮምፒውተሮች ብቻ «ሌጋሲ» የሚለውን አማራጭ ጨምረው ፋይሉን እንደገና ያውጡ። አቆላለፉ ደካማ ስለሆነ ግን በቴሌግራም አይላኩት። በፍላሽ ይዘው ሄደው ራስዎ ይጫኑት፤ ቁልፉ ተመልሶ እንዲወጣ የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት አያድርጉበት፤ ከዚያ ፋይሉን ያጥፉ። አለዚያ የይለፍ ቃል የተዋዋሱ ሰዎች ሰርተፊኬቱንም ይዋዋሱታል።

400 ሲመጣ ከቁጥሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የሚፈለገው ሰርተፊኬት አልተላከም ካለ፣ ሰርቨሩ የሚቀበለውን ፈራሚ ሲነግረው ብራውዘሩ በዚያ ፈራሚ የተፈረመ አላገኘም ማለት ነው። «ኤስኤስኤል ክላየንት ሰርተፊኬት» በሚለው መስመር የተጠቀሰው ፋይል የፈረሙበት ሲኤ (የፈራሚው ሰርተፊኬት) መሆኑን ያረጋግጡ። እዚያ የራስዎን ሲኤ ብቻ ያስገቡ። ለሕዝብ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት ሲኤ ካስገቡ የእሱ ደንበኛ ሁሉ በሩን ሊያልፍ ይችላል። ካስተካከሉ በኋላ ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱ፤ የቀድሞ ምርጫውን ያስታውሳልና።

ጽሑፉ የሰርተፊኬት ስህተት አለ የሚል ከሆነ ግን ምክንያቱ ያለው ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ነው። የስህተት ሎጉን ደረጃ «ኢንፎ» ካላደረጉት አይታይም። እዚያ ያለው የስህተት ቁጥር 26 ከሆነ ሰርተፊኬቱ ለደንበኛ ማረጋገጫ እንዲያገለግል ተደርጎ አልተፈረመም፤ 10 ከሆነ ጊዜው አልፏል። 9 ከሆነ ገና አልጀመረም ማለት ነውና የሰርቨሩን ሰዓት ይመልከቱ። በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ሰዓቱ ትክክል በሆነ ላፕቶፕ ጠዋት 2 ሰዓት የፈረሙት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አይሠራም። ዓመቱም በእኛ ከተሞላ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ይሆናል። የሰዓት ቀጠናውን ምሥራቅ አፍሪካ አድርገው ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ያድርጉ።

ሠራተኛ ሲለቅ ሰርተፊኬቱን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት አይበቃም፤ ቅጂ ሊኖር ይችላል። በሲኤው ይሰርዙት፣ የተሰረዙትን ዝርዝር አውጥተው «ኤስኤስኤል ሲአርኤል» በሚለው መስመር ያስገቡ፣ ኢንጂን ኤክስን ሪሎድ ያድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፦ ዝርዝሩ ራሱ የማብቂያ ቀን አለው። ከኦፕን ኤስኤስኤል ጋር በሚመጣው የማዋቀሪያ ፋይል 30 ቀን ነው። ያ ቀን ሲያልፍ ሎጉ ላይ 12 ይወጣና የተሰረዘውም ያልተሰረዘውም አብሮ ይታገዳል። የሲኤው የግል ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ መቀመጥ የለበትምና ዝርዝሩ በራሱ አይታደስም፤ 90 ቀን እንዲያገለግል አድርገው በየወሩ በእጅዎ ያድሱት።