ሄዶ መማር ወይስ እዚሁ ሆኖ በኦንላይን? ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ

«ማስተርሴን እንግሊዝ ሄጄ ልማር ወይስ እዚሁ ሆኜ በኦንላይን? ለአየር ንብረቱስ የቱ ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ስላለፍኩበት ልመልስልሽ።

ማስተርሴን የተማርኩት እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ነው፤ 1 ዓመት። ሄዶ መመለሱ ሳያንስ፣ ጥር ላይ ለእህቴ ሠርግ መጥቼ ተመለስኩ። ያኔ ያሳሰበኝ የትኬቱ ዋጋ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ለንደን ወደ 5,900 ኪሎ ሜትር ነው። በደርሶ መልስ ለአንድ መንገደኛ የሚደርሰው የካርቦን ድርሻ፣ እንደ አሰላሉ ቢለያይም፣ ወደ 1 ቶን ይጠጋል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅና ከመሳሰለው በዓመት የሚለቀው 200 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እኔ በአንድ ዓመት ሁለት ደርሶ መልስ በረርኩ። ዛሬም ይከነክነኛል።

በረራው ብቻም አይደለም። እዚያ ብርዱ ከገባ ክፍልሽ ሳይሞቅ ማንበብ አይታሰብም፤ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው ደግሞ በጋዝ ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ የርቀት ትምህርት ግቢ ገብቶ ከመማር 85 በመቶ ያህል ያነሰ ካርቦን ይለቃል። ተማሪው አይመላለስም፣ ዶርምም አይሞቅለትም። እኛ ላይ የአውሮፕላኑ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

ፒኤችዲዬን ግን ከአዳማ ሳልነሳ ሠራሁት፣ በደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር ተቋም ነው፤ አቃቂም ማዕከል አለው። አማካሪዬ ፕሪቶሪያ ነበሩ። ሰዓታችን የሚለየው በ1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ማታ ማታ እንገናኝ ነበር። ቪዲዮ የሚያስከትለው ካርቦን በሰዓት ሲታሰብ በግራም የሚቆጠር ነው። የእኛ መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው። መብራት ሲሄድ ጀኔሬተር አላስነሳም፤ ቪዲዮውን ዘግቼ በስልኬ ዳታ በድምፅ ብቻ እቀጥላለሁ።

ብቸኝነቱ ግን ከባድ ነው። ሊድስ ብዙውን ነገር የተማርኩት ከክፍል በኋላ፣ ሻይ ላይ ስንከራከር ነው። እዚህ ያንን ራሴ መፍጠር ነበረብኝ። ፒኤችዲ ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን አንዳችን የሌላውን ምዕራፍ እናነብ ነበር። ያ ባይኖር አቋርጬው ነበር።

ትምህርትሽ ላብራቶሪ የማይፈልግ ከሆነ በኦንላይኑ ግቢበት፤ እኔ ብሆን አላመነታም። ላብራቶሪ ከሆነ ሂጂ፤ በዚህ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ብቻ አንዴ ከሄድሽ እስክትጨርሺ አትመላለሺ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ኦንላይን እየተባሉ በየሴሚስተሩ ለ1 ሳምንት በአካል ኑ የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። በ2 ዓመት 4 ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ሄዶ ከሚማረው ሰው በላይ ትበሪያለሽ። ከመመዝገብሽ በፊት ይሄን በኢሜይል ጠይቂያቸው።