ሉፐስ ያለባትን እህትሽን ቤት ውስጥ ስለመንከባከብ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት፣ ግን ተረጋግቼ ልመልስልሽ ብዬ አሳደርኩት። የ26 ዓመት እህትሽ ሉፐስ ከነመገጣጠሚያ ሕመሙ ተገኝቶባት፣ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። እናትሽ ደግሞ «ተኝታ ስለምትውል ነው፣ ብትንቀሳቀስ ይለቃት ነበር» ይላሉ። አንቺ መሃል ላይ ሆነሽ ምን ላድርግ ነው ያልሽው።

እኔ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። መድኃኒት ላዝልሽ አልችልም፣ ስለ እንክብካቤው ግን ያየሁትን ልንገርሽ።

ከጠዋቱ ልጀምር። የእህትሽ ጠዋት ስንፍና አይደለም። በሉፐስ ጊዜ በሽታን መከላከል የነበረበት የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የራሱን አካል ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ሌሊት ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ደግሞ ድርቅ ይላል። ጣት አልታጠፍ ይላል።

እኔም ይህን ተምሬው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ታካሚ ነበረችን፣ ቁርሷን በየቀኑ እንዳለ ትመልሳለች። «ምግብ አልበላም ትላለች» ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ለማንሳት ትታገላለች። የተቀቀለው እንቁላል ከነቅርፊቱ ሳህኑ ላይ አለ። መላጥ አቅቷት ነው። አፍራ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ላጥኩላት፣ በላች። ከዚያ ቀን ወዲህ ታካሚ «አልበላም» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው።

ስለዚህ ለእህትሽ ጠዋቷን አመቻቺላት። ከመነሳቷ በፊት አልጋ ላይ እንዳለች እግሯንና ጣቶቿን ቀስ እያለች ታንቀሳቅስ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቢላትና እጇን አሥር ደቂቃ ያህል ነክራ ትክፈት ትዝጋ። ውሃው እንዳያቃጥላት በራስሽ ክንድ ለኪው። ለደረቀ መገጣጠሚያ ሙቀት ይረዳል። ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲነኩት የሚያተኩስ ከሆነ ግን ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለሽ ሩብ ሰዓት ያዢላት። ቀጠሮም፣ እንግዳም፣ ገላ መታጠብም ከረፋዱ በኋላ ይሁን።

እናትሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሁልጊዜ መተኛት ጡንቻን ያላላል፣ መገጣጠሚያውንም ያስራል። «አትነሺ፣ እኔ አለሁልሽ» እያልሽ ሁሉን ነገር ከቀማሻትም ትጎጃታለሽ። ሰውነቷ ሲፍታታ በእግር ትሂድ፣ ሽንኩርትም ተቀምጣ ትላጥ። ጄሪካን መሸከም፣ ልብስ ማጠብ፣ በተለይ መጭመቅ ግን ይቅርባት። እንጀራ መጋገርም ጣቶቿ ባበጡበት ሰሞን አይሆንም። ዘንቢሉን በጣቷ አታንጠልጥል፣ ክንዷ ላይ ታግባው። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለሽ ብታወፍሪላት ትገረሚያለሽ፣ እጀታው በወፈረ ቁጥር ጣት መጨበጥ ይቀለዋል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለምንሽ።

የሰውነትን ቁጣ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ከታዘዘላት ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ትውሰድ። ይህ መድኃኒት ፊትን ክብ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ጎረቤት «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ይላታል፣ እሷም መስታወት አይታ ታለቅስና በድብቅ ታቆመዋለች። ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይህን መሰል የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል፣ በአንዴ ሲቆም ግፊት ይወርዳል፣ ማስታወክና ራስን መሳት ይመጣል። መቀነስ ያለበት ሐኪሙ ነው፣ ቀስ በቀስ። ግፊቷንና ስኳሯንም አስለኩላት።

የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል የሚገታው ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ካለ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ አይደለም! አንዲት እናት በስህተት በየቀኑ ወስደው አፋቸው ቆስሎ፣ ውሃ መዋጥ አቅቷቸው መጡብን። ስለዚህ ቀኑን ምረጡና ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ማክሰኞ ብቻ» ብለሽ ጻፊበት። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ዓይን ሊነካ ስለሚችል ሲጀመር ምርመራ ይፈልጋል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ። ይህን የሰሙ ሰዎች ፈርተው ያቆሙታል። አታስቁሚያት፣ ሉፐሱ እንዳይነሳ አረጋግቶ የሚይዘው እሱ ነው።

ሕመሙ ሲጠና ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥ ወይም መርፌ መወጋት እኛ ጋ የተለመደ ነው። ሉፐስ ኩላሊት ስለሚያጠቃ፣ ዲክሎፌናክም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም።

ጾሙንና ጸበሉን ጠይቀሽ ነበር። እኔም አማኝ ነኝ። ጸበል ትጠመቅ፣ ግን መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ መጠመቁ ጣቶቿን ሊያደርቅባት ይችላል፣ አየሩ ሞቅ ሲል ከፀሐይ ተጠልላ ቢሆን፣ ወይም በዕቃ ቀድታችሁ ብታመጡላት ይሻላል። እስከ 9 ሰዓት መጾም ከጠዋቱ መድኃኒት ጋር አይሄድም። የንስሐ አባቷን አናግሯቸው። እኛ ክፍል የተኙ ብዙ ታካሚዎች ሲጠይቁ አባቶች «ብሉና መድኃኒታችሁን ዋጡ» ነው ያሏቸው።

ፀሐይ የሉፐስ ጠላት ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ብርድ ቢሆንም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ባትወጣ ይመረጣል። ከወጣች ጃንጥላ፣ እጀ ሙሉ ልብስ፣ የፀሐይ ክሬም።

ጥርጣሬ ውስጥ የሚከቱሽን ምልክቶች ልንገርሽ። ጠዋት ዓይኗ ዙሪያ ካበጠ፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲጫኑት ከሰረጎደ፣ ሽንቷ እንደ ሳሙና አረፋ ከሠራ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ኩላሊት መጀመሪያ ላይ አያምም፣ ለዚያ ነው የሽንት ምርመራው የማይዘለለው። ትኩሳት 38 ከደረሰ በፓራሲታሞል አስታግሰሽ አታሳድሪያት፣ መድኃኒቶቹ መከላከያዋን ስላዳከሙት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም እንደዚያው፣ የሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መዘባረቅ ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ነገር አልጠየቅሽም፣ እኔ ግን አነሳዋለሁ። 26 ዓመቷ ነው፣ ማግባትም መውለድም ትፈልግ ይሆናል። ሉፐስ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች። ግን በሽታው ቢያንስ ስድስት ወር ጋብ ካለ በኋላ፣ ከሐኪም ጋር ታቅዶ ነው፣ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ቀድሞ መቆም አለበት። ማንም «አበቃልሽ» እንዳይላት።

እናትሽን በክርክር አታሳምኛቸውም። አንድ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጪያቸውና የእህትሽን እጅ ይያዙት። ጣቶቿ እንዴት እንዳበጡ፣ ለመጨበጥ ስትሞክር ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ራሳቸው ይዩ።

ከሆስፒታል ስትወጣ የሽንትና የኩላሊት ምርመራ ተሠርቶላት ነበር? ወረቀቱ ላይ ፈልጊና ጻፊልኝ። የመድኃኒቶቹን ስምና አወሳሰድም ጨምሪበት።