ልጄን አሳ ለማጥመድ የት ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አሳ ካላጠመድኩ ብላ እንቅልፍ ነስታናለች። ባለፈው ወር መንጠቆና ክር ገዝቼ ሻላ ድረስ ወሰድኳት። ግማሽ ቀን ተቀምጠን አንድም አሳ ሳይነካልን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የመጣችው። እኔም በልጅነቴ አጥምጄ አላውቅም። የት ልውሰዳት? ለልጅ አደጋ የማይበዛበት ሐይቅስ የትኛው ነው?
የአንዲት ልጅ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺ አንገቷን የደፋች ልጅ ከዓይኔ አልጠፋችም። መጀመሪያ ይህን ንገራት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የሻላ ውሃ ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። 266 ሜትር ድረስ ይጠልቃል፣ ሲያዩት ያምራል፣ አሳ የሚጠመድበት ግን አይደለም። ደግሞም ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጎረቤቱ አብያታ ድሮ አሳ ነበረው። ውሃው እየሸሸ ጨዋማነቱ ሲጨምር አሳው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀለባቸውን የሚለቅሙት ከአብያታ ነበር። እነሱም ራቅ ወዳሉ ሐይቆች መሄድ ግድ ሆነባቸው። ይህንንም ብትነግራት ትወደዋለች።

እኔ ያደግሁት ባቱ ነው። ያኔ ከተማዋንም ሐይቁንም ዝዋይ ነበር የምንለው። አባቴ አሳ አስጋሪ ነበር። በ6 ዓመቴ ክር ሲያስይዘኝ የወሰደኝ ብዙ አሳ ወዳለበት ቦታ አልነበረም። ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ ውሃ ሳይነካ መወርወር ወደምችልበት ጥግ ነው። ለልጅ ሲሆን ከሐይቁ በፊት ዳርቻውን ነው የምትመርጠው። ልጅ ትልቅ አሳ አትፈልግም፤ ቶሎ የሚነካ ነው የምትፈልገው። እሱ ደግሞ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት አሳ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሀዋሳ ውሰዳት። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና አንድ ሌሊት ማደር አለባችሁ። ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል አሞራ ገደል ድረሱ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አስጋሪዎቹ አሳውን ከመረቡ ሲለቅሙ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ትይ። እዚያው አስጋሪዎቹን አናግራቸው። ከልጅ ጋር በክር ለማጥመድ የት መቀመጥ እንደሚቻል፣ ምን እንደተፈቀደ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ይዘህ ስትጠይቃቸው ፊታቸው ይፈታል። ከዳር ትንንሽ ቆሮሶ ቶሎ ይነካል። የማስጠነቅቅህ ሁለት ነገር ነው። ሀዋሳ ጉማሬ አለ፤ ከመምሸቱ በፊት ከዳርቻው ራቁ። ውሃው ውስጥም እግሯን እንዳትነክር፤ ቢልሃርዚያ አለ። ለባቱም ይኸው ነው የምልህ፤ አገሬ ቢሆንም አላዳላም።

ማደር ካልተመቻችሁ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። ግን እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሞላባቸው ሐይቆች ናቸው። ባቦጋያ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ትንሽ እንደተራመድክ ገደል ነው። ልጅ ከያዝክ ባለ አጥር መናፈሻ ወይም ጠንካራ መቆሚያ ያለበትን ቦታ ፈልግ፤ እጇንም አትልቀቅ። ኩሪፍቱ በሰው እጅ የተሠራ ስለሆነ እንደነሱ አይጠልቅም። ዳርቻው በአብዛኛው በመዝናኛዎች የተያዘ ነውና ማጥመድ ይቻል እንደሆነ ቀድመህ ደውልና ጠይቅ።

ላንጋኖን የምመክረው መዋኘትም ለምትፈልግ ልጅ ነው። ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የሚታወቅ ነው፤ ዳርቻውም አሸዋ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ግን አሳው አይታይም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ክሩን ያወዛውዘዋል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ጫሞን ለጊዜው ተወው። አዞው ብዙ ነው፤ ዳር ላይ ልጅ ይዞ የሚቀመጡበት ሐይቅ አይደለም። ቆቃም እንደዚያው።

አሁን ወደ መንጠቆው። ከሱቅ የምትገዛው ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ያገኘኸውን ትንሿን ግዛ። ከጫፏ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰች ጥርስ አለች። እሷን በፒንሳ ጨፍልቃት። እኔ በ9 ዓመቴ መንጠቆ አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ያችው ጥርስ ይዛው አልወጣ ብሎ ነበር። ጠባሳው ዛሬም አለ። ጥርሷ ከተጨፈለቀች መንጠቆዋ ከጣትም ከአሳም በቀላሉ ትወጣለች። ዘንጉ ቀጭን ሸምበቆ ቢሆን ይበቃል። ክሩ ላይ ከመንጠቆው አንድ ክንድ ከፍ አድርገህ የጠርሙስ ቡሽ እሰር። ልጅቷ የምታየው ቡሹን ነው። ቡሹ ሲርገበገብ ዝም በሉ፤ ሲሰምጥ ቀስ አድርጋ ትሳብ። አንተ አትሳብላት፣ እባክህ።

ቆሮሶ ስትይዝ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ይወጋል። እጅህን አርጥብና ከራሱ ጀምረህ እሾሁን ወደ ኋላ እያስተኛህ ያዘው። አምባዛ ከመጣ ራስህ አውርደው፤ ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያሉት እሾሆች ክፉ ናቸው። ደግሞ ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል፤ ሞተ ብላ እንዳትነካው።

ትንንሾቹን መልሱ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እለምንሃለሁ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ትይዛለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከባቱ ዳርቻ ክንዴን የሚያህል ቆሮሶ ይወጣ ነበር። አሁን ወንድሞቼ ጋ ስሄድ ገበያው ላይ የማየው መዳፍ የማያክል ነው። ያልደረሰውን ሁሉ ስንለቅም ነው እዚህ የደረስነው። ልጅህ አንዱን በእጇ ይዛ፣ አጎንብሳ ስትለቀው፣ ጅራቱን መትቶ ሲሄድ ታየው። የሚበላውን ከአሞራ ገደል ግዙ። የአሳ ሾርባውንም እዚያው ጠጡ።

መንጠቆው ላይ ለሚሰካው ምግብ ሊጥም ይሆናል፣ የምድር ትል ግን ይበልጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ማታ፣ ውሃ የሚፈስበትን እርጥብ አፈር አብራችሁ ቆፍሩ። እሷ ትልቀም። በቆርቆሮ ከነአፈሩ አድርጉትና ክዳኑን በሚስማር ብሱት፤ አለዚያ ሀዋሳ ሳትደርሱ ያልቃል።