የአያትሽን ቤት ሲሚንቶ አታስነኪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ወሎ በኩል የአያትሽ የድንጋይ ቤት አለ፣ 6 ሆናችሁ የቅርስ ማኅበር መስርታችኋል፣ ቤቱን አድሳችሁ የገበሬ ዕቃ የሚታይበት ሙዚየም ልታደርጉት ነው። ፈቃድ ከየት ይወጣል ብለሽ ጠየቅሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለጊዜው ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስነን ወለሉን ሊሾ እናደርገዋለን" አልሽ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ፈቃዱን እመለስበታለሁ።

እኛ መንዝ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የጀመርነው በ2008 ነው። ቤቱም እንደ እናንተው ነው፤ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ክብ፣ የሳር ክዳን ያለው። የአንድ ገበሬ አባት ቤት ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ለማኅበሩ በጽሑፍ ሰጡን። 14 ሰዎች ነን። ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው፣ አንዷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ የቀረነው ገበሬዎች ነን። በወር 50 ብር እያዋጣን ነው የጀመርነው። እንግዲህ እንደ ደረሰብን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ሲሚንቶ አታስገቡ። ልስንም፣ ሊሾም፣ "ትንሽ ስንጥቅ መድፈኛ" እንኳ ቢሆን።

በ2009 ዋሽንግተን ያሉ ያገራችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ላኩልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ለጥምቀት ሲመጡ ተመርቆ እንዲያዩት ፈልገን ተጣደፍን። ከከተማ ያመጣነው ግንበኛ "በሲሚንቶ ከለሰናችሁት ለልጅ ልጅ ይደርሳል" አለን። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ "ይኼ ቤት ሲሚንቶ አይወድም" ብለው ነበር፤ አልሰማናቸውም። ከአሸዋው፣ ከማጓጓዣውና ከእጅ ዋጋው ጋር 64 ሺህ ብር ወጣ። ሲመረቅ ያምር ነበር። ፎቶ ተነሳን፣ ጠላ ጠጣን፣ ተመራረቅን።

ከዚያ ክረምት መጣ። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ይተነፍሳል። ዝናብ ሲመታው እርጥበት ይገባዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ያንኑ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ስትለጥፊበት መተፊያውን ደፈንሽው ማለት ነው። ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። በዚያች ስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ መውጫ የለውም። ውስጥ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ እንደ ገንፎ ይላላል። ሊሾው ደግሞ ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት መተንፈሻ አሳጥቶ ወደ ግድግዳው ገፋው። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ሆዱ ወጣ። እኛ ከውጭ ልስኑ ደህና ስለሆነ ቤቱ ደህና ነው ብለን ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት የጓዳው በኩል ያለው ግድግዳ ተንዶ አደረ።

ከሥሩ ጎታ ነበር። የሰፈራችን አንዲት እናት በገዛ እጃቸው፣ በሙሽርነታቸው ጊዜ የሠሩት። ከ50 ዓመት በላይ ገብስ ያስቀመጡበት ነው። "እኔ ስሞት ልጆቼ ይሰብሩታል፣ እናንተ ጋ ይኑር" ብለው ነው የሰጡን። ጠዋት ሰምተው መጡ። ስብርባሪውን አዩት፣ ምንም አልተናገሩም፣ አንዷን ቁራጭ በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ስነግረው ይከብደኛል።

ጥገናው ከልስኑ የባሰ ዋጋ ጠየቀን። ሲሚንቶው ሲነሳ የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው የሚወጣው። በመሮ ቀስ እያልን ነበር የምንፈለቅቀው፤ ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያ ያልሰማናቸውን ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቀን አንድ የ78 ዓመት ግንበኛ አፈላልገን አገኘን። እሳቸው ናቸው ያስተማሩን። አፈሩን መርጠው ከሦስት ቦታ አስመጡ። የጤፍ ጭድ ከቆላው ገዛን፣ እኛ ጋ ብርዱ ጤፍ ስለማያበቅል። ጭቃው ተቦክቶ 15 ቀን ከረመ፣ በየቀኑ እየተረገጠ። ሽታው ሲለወጥ "አሁን ደረሰ" አሉ። ምርጊቱን ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጀመርን። ወለሉን ሊሾውን አንስተን መሬት ደልድለን የሰፈሩ ሴቶች በእበት ለቀለቁት። ይኸው እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አንድ ባለሙያ በኋላ እንደነገረን የጎንደር ግንቦችም ከዚህ አላመለጡም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ ያ እየተነሳ በኖራ ተተካ። ግንቡ መጀመሪያም በኖራ ነው የተሠራው። የእኔና ያንቺ ቤት ደግሞ በጭቃ ነው የተሠራው፣ በጭቃ ነው የሚጠገነው። "ጭቃ በየዓመቱ ይፈልጋል" ይሉሻል። አዎ ይፈልጋል። እኛ በየዓመቱ ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ደቦ እንጠራለን። ጠላና ቆሎ ይቀርባል፣ 40 ሰው ይመጣል፣ እስከ ማታ የተቦረቦረው ሁሉ ይሞላል። ማኅበር ቅርስ ይጠብቃል የሚባለው ይኼ ሲሆን ነው እንጂ ታፔላ ሲሰቀል አይደለም።

2. ፈቃድ። እዚህ ላይ 4 ወር ነው ያቃጠልነው፣ አንቺ አታቃጥዪ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ የማኅበሩ ምዝገባ ነው። እኛን አንድ ቢሮ "ወደ አዲስ አበባ ሂዱ" ብሎ ሰደደን። ሁለት ሰው ወከልን፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ከፈልን። በሦስተኛው አንዲት ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣት፣ ወረቀታችንን አንብባ "የምትሠሩት በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ የምትመዘገቡት እዚያው ክልላችሁ ነው" አለችን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉትን ነው። ይህን ማንም መጀመሪያ ቢነግረን ኖሮ! ስለዚህ እናንተ 6ታችሁ ከክልላችሁ ጀምሩ።

ሌላው የቤቱ ጉዳይ ነው። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም። አዋጅ 209/1992 በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ከመሠራቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ቅርስ ደግሞ በአዋጅ 839/2006 አገር አቀፍና ክልላዊ ተብሎ ይመደባል። ያልተመዘገበ ቢሆንም ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ፣ ደብዳቤ ስታስገቡ ቅጂው ላይ "ገቢ ሆኗል" አስብላችሁ ማህተም አስመቱ። ያለዚያ "አልደረሰንም" ትባላላችሁ። እኛ ሁለቴ ተብለናል።

የሌላ ቢሮ አንድ ኃላፊ ደግሞ አለ፣ የማልረሳው። ሰላምታችንን አልመለሰም። ማመልከቻውን ቆሞ እያነበበ "ሙዚየም ዘውድና መስቀል የሚቀመጥበት ነው፤ ሞፈርማ በየሰው ደጅ ተጋድሞ አለ" አለን። አብረውን የነበሩት ገበሬ አባት አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። "ጌታዬ፣ አቁማዳን ጆንያ ተካው፣ እንስራን ጀሪካን ተካው፣ ወፍጮና መጅን የናፍጣ ወፍጮ ተካው። ልጅዎ ከማረሻው ዕቃ ድግርና ወገልን ለይቶ ያውቃል?" አልኩት። መልስ አልነበረውም። ዛሬ የዚያው ወረዳ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ። ይህን ስጽፍልሽ እኮራለሁ።

ሰው ካጣጣለባችሁ የሐረሩን የሸሪፍ ሙዚየም ጥቀሱ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት ነው፤ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ሆኖ ዓለም ይጎበኘዋል። የተጀመረው ግን ሰው በየጓዳው ከረሳው ዕቃ ነው።

3. መዝገብ። ይህን ከቤቱ በፊት መጀመር ነበረብን።

ሰዎች ዕቃ ሲያመጡልን በደስታ ተቀብለን "ሞፈር 1፣ ቀንበር 1" እያልን ደብተር ላይ ጫርን። አንድ አባት ካረፉ በኋላ ልጃቸው መጥቶ "የአባቴን ሞፈር ስጡኝ፣ ያዋሳችሁ እንጂ የሰጣችሁ አይደለም" አለ። ሞፈር 4 አሉን። የትኛው ነው? በስጦታ ነው በውሰት? ወረቀት የለም። ቤተሰቡ ተቀይሞን ሁለት ዓመት ደቦ ላይ አልመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሺ፣ ቁጥር ስጪ፣ ማን ሰጠ፣ ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ ስጦታ ነው ውሰት ብለሽ ጽፈሽ ባለቤቱንና አንድ የቤተሰብ ሰው አስፈርሚ።

ከዚህም በላይ፣ ሲሰጡሽ ስለ ዕቃው የሚናገሩትን በስልክሽ ቅጂ። ከእኛ ለጋሾች 5ቱ አርፈዋል። አንዱ ድሮ እርሻው ሲደክም አፈሩን በየቦታው ከምረው እንዴት እያቃጠሉ ገብስ እንደሚዘሩበት፣ ከዚያ ደግሞ ለብዙ ዓመት እንዴት እንደሚያሳርፉት አንድ ሰዓት ሙሉ ነግረውናል። ድምፃቸው አለን። ያ ቅጂ ከሁሉም ዕቃ ይበልጥብኛል።

ዕቃውን ደግሞ ቫርኒሽ አትቀቢ። እኛ "እንዲያበራ" ብለን ሁለት እርፍ ቀባን። እርፍ የሚይዙበት ቦታ ላይ በ30 ዓመት የእጅ ልስላሴ የመጣ ወዝ አለው። ቫርኒሹ ሸፈነው። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ቁጥሩን ልተወው፣ ስለ ክዳኑና ጭሱ ልንገርሽ። ክዳኑን በቆርቆሮ ቀይሩ የሚሏችሁ ይበዛሉ። እኛ በጓሳ ሳር ነው የከደንነው፣ መንዝ ጓሳ ከሚባለው ጥብቅ ሥፍራ የመጣ። ይህ ሳር የተረፈው አባቶቻችን ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ በበጋ ለአጨዳ ብቻ እየከፈቱ ስለጠበቁት ነው። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ዛሬ ማኅበረሰቡ በሌላ አደረጃጀት ይጠብቀዋል። ልጆች ሲመጡ ጣሪያውን እያሳየን ይህንን እንነግራቸዋለን። በእናንተም በኩል ለክዳን የሚሆን ሳር የሚጠበቅበት ቦታ ይኖራል፣ ሽማግሌ ጠይቂ።

ክዳኑ በሁለተኛው ዓመት ነቀዝ ጀመረው። መድኃኒት ልንረጭ ስንል ያቺው ጎታቸው የተሰበረባቸው እናት "ቤቱ ጭስ አጥቶ ነው" አሉ። እውነትም ሰው ሲኖርበት ምድጃው በየቀኑ ይጨስ ነበር፤ ሳሩንም ምሰሶውንም የሚጠብቀው ጥላሸቱ ነው። አሁን በየቅዳሜው ምድጃው ይነዳል፣ ቡና ይፈላል። ሁለት በርሜል ውሃና አሸዋ በሩ አጠገብ አለ፣ እሳቱ እስኪጠፋ ሰው አይለየውም። ቡናውን የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። ቀስ በቀስ ታረቁን። አምና አዲስ ጎታ ሠርተው አመጡ፣ ልጃገረዶቹን ቁጭ አድርገው እያሳዩ ነው የሠሩት።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ አትጠብቂ። የመግቢያው ለጠባቂው ደሞዝ እንኳ አይበቃም፣ መዋጮው ነው የያዘን። ከጓሮው ትንሽ መሬት ላይ ሰነፍ ቆሎና ማጌ የሚባሉ የገብስ ዓይነቶች እንዘራለን። በማረሻ ጊዜ አንድ ጥማድ በሬ ይመጣና ተማሪዎቹ ተራ በተራ እርፍ ይይዛሉ። የከተማ ልጅ ማረሻው መሬት ሲይዝለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ብታዪ! ከውጭ ገንዘብ ከመጣላችሁ ተቀበሉ፣ ግን ቀን አያስቆርጧችሁ። እኛን ያስቸኮለን የምረቃ ቀን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ሊለቀም አልቻለም።

አሁን ለግንበኛው ቀብድ ካልሰጣችሁ ነገ ደውለሽ አስቀሪው። ሰጥታችሁም ከሆነ ቀብዱ ይቅር። ከዚያ ቤቱን ከአራቱም አቅጣጫ፣ በተለይ መሠረቱ አካባቢ ያለውን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊ። ውሃ ወደ ግድግዳው የሚፈስ ከሆነ ከምንም በፊት ቦይ መቆፈር አለበት፣ እሱን ራሴ አይቼ እነግርሻለሁ። ግንበኛው አባታችንም በሕይወት አሉ፣ ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ፎቶ ሳሳያቸው ይናገራሉ።