«ይዋሃድ»፣ «ይጠቃለል» ወይስ «ይጣመር»?

ጥያቄ፦ ስድስት ኩባንያዎች ላሉት የንግድ ቡድን የቢዝነስ ሴንትራል የሂሳብ ሶፍትዌር መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ኮንሶሊዴሽንን፣ ማለትም የቡድኑን ኩባንያዎች ሂሳብ እንደ አንድ ድርጅት ሂሳብ አድርጎ ማቅረብን፣ እኔ «ማዋሃድ» አልኩት፤ ባልደረባዬ «ማጠቃለል» ይላል፤ ኦዲተሩ ደግሞ «ማጣመር»። የፋይናንስ ክፍሉ ሰው በበኩሉ «ኮንሶሊዴት እናድርግ» ከማለት አልወጣም። ኢሊሚኔሽንን፣ ማለትም ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ያደረጉትን ግብይት ከቡድኑ መግለጫ ላይ ማውጣትን፣ «ማስወገድ» ብለን ተርጉመን ነበር፤ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ረቂቁን አንብባ በኩባንያዎቹ መካከል የተቆረጡትን ደረሰኞች ከመዝገብ ልትሰርዝ ስትል ደረስንባት። ትክክለኛው ቃል የትኛው ነው? ነን ኮንትሮሊንግ ኢንተረስትንስ፣ እናት ኩባንያዋ ያልያዘችውን የሌሎች ባለቤቶች ድርሻ፣ ምን እንበለው?

መልስ፦ ሦስቱም ደህና አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ ሥራ ሦስት ስሞች አይደሉም፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠራሉ።

ከእርስዎ ልጀምር። «ማዋሃድ» ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ዋሕድ፣ ተዋሕዶ ከሚሉት ጋር ይወለዳል፤ አንድ መሆን ማለት ነው። ሁለት ባንኮች ተዋሃዱ ሲባል ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ባንክ ነው። በኮንሶሊዴሽን ግን ማንም ከማንም ጋር አንድ አይሆንም። ስድስቱ ኩባንያዎች በየራሳቸው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በየራሳቸው መዝገብ፣ በየራሳቸው የግብር ማስታወቂያ ይቀጥላሉ። አንድ የሚሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውህደትን ለሕጋዊው ውህደት ይተዉት።

የኦዲተሩ «ማጣመር» ቦታ አለው። አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው አንድ ባለሀብት ሦስት አራት ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማህበራት በስሙ ይይዛል፤ ከማህበራቱ አንዱም ሌላውን አይቆጣጠርም፤ የበላያቸው ሰው እንጂ ኩባንያ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 10 (አይኤፍአርኤስ 10) የተጠቃለለ መግለጫ እንዲያዘጋጅ የሚያስገድደው ሌላውን የሚቆጣጠረውን ድርጅት ስለሆነ፣ እነዚህ ማህበራት አያገባቸውም። ባንክ ለብድር ብሎ «የሁሉንም በአንድ አምጡልኝ» ሲል የሚሠራው መግለጫ ነው «የተጣመረ» መባል ያለበት። «እህት ኩባንያ» የሚለው ልማዳችንም በትክክል የሚገባው ለነዚህ ነው። እናት ኩባንያ ካለች ከሥሯ ያለችው ልጅ እንጂ እህት ልትሆን አትችልም፤ እኛ ግን ሁለቱንም እህት እያልን፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ሶፍትዌሩ ላይ ሲሞላ ግራ እንጋባለን። በመመሪያው ውስጥ «እናት ኩባንያ» እና «ተቀጽላ ኩባንያ» ይበሉ።

እናት ኩባንያ ላለችው ቡድን ባልደረባዎ ልክ ነው፤ «ማጠቃለል»። አንድ እንቅፋት ግን አለው። «ማጠቃለያ» በተለመደው አነጋገር የድርሰት መዝጊያ ወይም አጭር መግለጫ ነውና፣ «የተጠቃለለ ሪፖርት ላኩ» የተባለ የሂሳብ ክፍል አንድ ገጽ ጭማቂ ቢልክ አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ቃሉን ብቻውን አለመተው ነው፤ «የቡድኑ የተጠቃለለ የሂሳብ መግለጫ» ይባል፤ ጭማቂውን ደግሞ «አጭር መግለጫ» ይበሉት። ሥራው «ማጠቃለል» ነው፤ «ማጠቃለያ» የሚለውን ቅርጽ ከምናሌዎቹ ያውጡት።

አሁን ወደ ኢሊሚኔሽን፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የሂሳብ ሠራተኛዋን አልወቅሳትም። «ንብረት ማስወገድ» ብሎ የለመደ ሰው ማስወገድ ሲባል ከመዝገብ ማውጣት ይታየዋል። ሌሎቹን አማራጮች ብንሞክርም የሂሳቡ ቋንቋ ቀድሞ ወስዷቸዋል፦ «መሰረዝ» የማይሰበሰብ ዕዳ የሚሰረዝበት ነው፤ «ማስቀረት» ከክፍያ ላይ ግብር ቀንሶ የሚቀርበት ነው፤ «ማቻቻል» ሁለት ባለዕዳዎች ዕዳቸውን በሕግ ፊት የሚያቻችሉበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕዳው የለም። በኮንሶሊዴሽን ግን ዕዳው በሁለቱም መዝገብ እንዳለ ነው፤ ከቡድኑ መግለጫ ላይ ብቻ ነው የማይታየው።

የቀረ ቃል አለ፤ ገበያ ውስጥ ያለ ቃል ነው። «ያንተ በኔ ይጣፋ» ይባላል። አጣፋ፣ ማጣፋት። ይህን የመረጥኩት ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የግሥ አዕማድን የተማረ ሰው ያስታውሳል፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ጠፋ ብሎ ተጣፋ ሲል ጠ ወደ ጣ ይሄዳል፤ ጠቀለለ ብሎ ተጠቃለለ ሲል ቀ ወደ ቃ፤ መሰከረ ብሎ ተመሳከረ ሲል ሰ ወደ ሳ። ይህች ራብዕ እንዲህ ስትገባ ብዙ ጊዜ ሥራው ከአንድ ወገን በላይ ይፈልጋል። አንድ ሂሳብ ብቻውን ሊጠፋ ይችላል፤ ብቻውን ሊጣፋ ግን አይችልም። ኢሊሚኔሽንም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ተሰብሳቢ ከሌላው ተከፋይ ጋር ሲገናኝ ነው የሚሆነው። «ማስወገድ» የሚለው ቃል ይህን ሁለተኛ ወገን ስለደበቀው ነው ሠራተኛዋ አንዱን መዝገብ ብቻ ይዛ የተነሳችው።

በቁጥር እንየው። እናት ኩባንያ በ600,000 ብር የገዛችውን ዕቃ ለተቀጽላዋ በ800,000 ብር ሸጠች። ተቀጽላዋ ከዕቃው ሦስት አራተኛውን ለውጭ ደንበኞች በ750,000 ብር ሸጣ፣ ሰኔ 30 ላይ 200,000 ብር የተመዘገበ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አላት፤ ለእናቲቱም ገና 300,000 ብር ትከፍላለች። ሁለቱን መዝገብ ዝም ብለን ብንደምር ሽያጩ 1,550,000፣ ትርፉ 350,000 ይሆናል። ከቡድኑ ውጭ የወጣው ሽያጭ ግን 750,000 ብቻ ነው፤ ለተሸጠው ዕቃ በእውነት የወጣው ወጪም 450,000 ነው፤ ትርፉ 300,000። ልዩነቱ 50,000 መጋዘን ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ላይ የተጫነ፣ ቡድኑ ከራሱ ላይ ያተረፈው ትርፍ ነው። ስለዚህ የማጣፊያ ምዝገባው ሽያጭ ዴቢት 800,000፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪ ክሬዲት 750,000፣ የዕቃ ክምችት ክሬዲት 50,000። ለብቻው ደግሞ ተከፋይ ዴቢት 300,000፣ ተሰብሳቢ ክሬዲት 300,000። «መደመር» እና «ማጠቃለል» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እናም 50,000ው ቆየ እንጂ አልጠፋም፤ ዕቃው በሚቀጥለው ዓመት ለውጭ ሲሸጥ ትርፍ ሆኖ ይመለሳል።

ምዝገባው የሚገባው በተጠቃለለው ኩባንያ ጆርናል ብቻ ነው። ቢዝነስ ሴንትራል ለዚሁ ሲባል ግብይት የሌለው ሌላ ኩባንያ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ማጣፊያው እዚያ ይጻፋል፤ የስድስቱ መዝገብ አይነካም። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢስተካከል፦ «በቡድኑ ኩባንያዎች መካከል የተደረገውን ሽያጭና ግዢ በመጀመሪያ ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ በተጠቃለለው ኩባንያ ጆርናል ላይ ያጣፉ፤ የየኩባንያዎቹን ደረሰኞች አይንኩ።»

«ያመሳክሩ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ እኩል አይመጡም። ሻጭ ሰኔ 29 የላከውን ዕቃ ገዢ ሐምሌ 2 ይመዘግበዋል፤ ገዢ ቀንሶ ያስቀረውን ግብር ሻጭ ሳይመዘግበው ይቀራል፤ የባንክ ማስተላለፊያው አንዱ ጋ ወጥቶ ሌላው ጋ ገና አልገባም። ልዩነቱን «ልዩ ልዩ» በሚል ሂሳብ የሚደፍን አይጠፋም፤ ያ ግን ማጣፋት ሳይሆን መደበቅ ነው።

የሶፍትዌሩን መስኮች በተመለከተ፤ ቢዝነስ ዩኒት የሚለውን «የሥራ ክፍል» ካላችሁት አንባቢው ሽያጭ ክፍልና ግዢ ክፍል ሊሞላበት ነው። እዚያ የሚሞላው የሚጠቃለለው ኩባንያ ነውና «ተጠቃላይ ኩባንያ» በሉት። የሂሳብ መደቦችን ከቡድኑ መደቦች ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ መስኮች፣ አንዱ ለዴቢት አንዱ ለክሬዲት፣ «ተዛማጅ ሂሳብ» ይባሉ፤ ሥራው ማዛመድ ነው፤ ይህችም ራብዕ አላት። ማዛመዱ ላይ ከሁሉ የከፋው ስህተት ሶፍትዌሩ የማይናገረው ነው፤ ከቡድኑ የሚሰበሰበውን ከውጭ ደንበኛ ከሚሰበሰበው ጋር ወደ አንድ መደብ ማስገባት። ከተቀላቀለ በኋላ የሚጣፋውን ለይቶ ማውጣት ጭንቅ ነው። «ከቡድኑ ተሰብሳቢ» እና «ለቡድኑ ተከፋይ» በሁሉም ኩባንያ የራሳቸው ቁጥር ይኑራቸው።

ኮንሶሊዴሽን ፐርሰንት የሚለውን መስክ ግን በጥንቃቄ ይተርጉሙ። «የባለቤትነት ድርሻ» ካላችሁት ሰው 80 ይጽፍበታል፤ እናቲቱ የያዘችው 80 በመቶ ነውና። ሶፍትዌሩ ያን ጊዜ ከእያንዳንዱ የሂሳብ መስመር 80 በመቶውን ብቻ ይዞ ይመጣል። በላይኛው ምሳሌ የተቀጽላዋ ሽያጭ 600,000 ሆኖ ይገባል፤ ተከፋይዋም 240,000፤ በእናቲቱ በኩል ያለው ተሰብሳቢ ግን 300,000 ነው፤ 60,000 ብር የሚጣፋበት አጥቶ ይንጠለጠላል። ቁጥጥር ካለ የሚገባው 100 ነው፤ የሌሎቹ 20 በመቶ በኋላ በመግለጫው ላይ ለብቻው ይታያል። «የሚጠቃለለው መቶኛ» ይበሉና ከጎኑ «ለተቀጽላ ኩባንያ 100» ብለው ይጻፉ።

ከቡድኑ አንዱ ኩባንያ ውጭ አገር፣ ለምሳሌ ዱባይ ካለ፣ ትራንስሌሽን የሚል መስክ ይመጣል። «ትርጉም» እንደማትሉት አምናለሁ፤ «ምንዛሪ» ማለትም ያሳስታል፤ መመንዘር ገንዘቡን በእጅ መለወጥ ነው፣ እዚህ ግን የተለወጠ ድርሃም የለም፤ ሂሳቡ በብር ተገለጸ እንጂ። «በብር መግለጫ ዘዴ» ይሻላል። ሀብትና ዕዳ በዓመቱ መዝጊያ ዕለት ተመን፣ ገቢና ወጪ ግብይቱ በተደረገበት ዕለት ተመን ወይም ተመኑ ብዙ ካልተዋዠቀ በአማካይ፣ ካፒታል በተከፈለበት ጊዜ ተመን ይገለጻል፤ የሚተርፈው ልዩነት ወደ ትርፍና ኪሳራ ሳይሆን በሌላ ጠቅላላ ገቢ (ከትርፍና ኪሳራ ውጭ በሚታይ ገቢና ወጪ) በኩል ወደ ካፒታል ክፍል ይሄዳል። «ብዙ ካልተዋዠቀ» የምትለዋን አይዝለሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው የ2017 በጀት ዓመት ገና 3 ሳምንቱ ነበር፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዚያን ዓመት ሐምሌና ሰኔ በአንድ አማካይ መግለጽ ተገቢ አይደለም፤ በየወሩ መለየት ያስፈልግ ነበር።

ቀንም አለ። የዱባዩ ኩባንያ ዓመቱን ዲሴምበር 31 ከዘጋ ከሰኔ 30 ጋር ያለው ርቀት 6 ወር ገደማ ነው፤ ደረጃ ቁጥር 10 የሚፈቅደው ከ3 ወር የማይበልጥ ነውና ለማጠቃለሉ ሲባል በሰኔ 30 የተዘጋ ተጨማሪ ሂሳብ ይዘጋጅለታል። የመዝጊያ ቀን መስክ ላይ ደግሞ «30/10/2017» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኖራል፤ ሰኔ አሥረኛ ወር ነዋ! ሶፍትዌሩ ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ብሎ ይቀበለዋል፤ ትክክለኛው ጁላይ 7 ቀን 2025 ነበር። በየወሩ የምታጠቃልሉ ከሆነ ጳጉሜንንም አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ አንዱ ኩባንያ ከነሐሴ፣ ሌላው ከመስከረም ጋር ከዘጋት የነሐሴ ማጣፊያ አይገጥምም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ። ኢንተረስትን መዝገበ ቃላት ወይ «ወለድ» ወይ «ጥቅም» ወይ «ፍላጎት» ይለዋል። «ቁጥጥር የሌለው ወለድ» የሚል ትርጉም ባንኮችን ያስደነግጣል፤ «ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ጥቅም» ደግሞ ፖሊስ የሚያስጠራ ይመስላል። እዚህ ላይ ድርሻ ነው። ድሮ «አናሳ ባለድርሻዎች» ይባል ነበር፤ የሂሳብ ደረጃዎቹ ቃሉን የቀየሩት ቁጥጥር በብዛት ብቻ ስለማይለካ ነው፤ ከግማሽ በታች ይዞ የሚቆጣጠር አለ፤ ያኔ የማይቆጣጠሩት አናሳ አይደሉም። «የማይቆጣጠሩ ባለድርሻዎች ድርሻ» ይበሉ። ጉድዊልንም፣ ኩባንያ ሲገዛ ከንጹህ ሀብቱ በላይ የተከፈለውን፣ ማሽን «በጎ ፈቃድ» ቢልዎ አይቀበሉት፤ «መልካም ስም» ነው።