አንቀጽ 17ን በየትኛው ቋንቋ አነበብሽው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ በታሪክ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከይስማ ንጉሥ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፌም የውጫሌን ውል መርጫለሁ። አማካሪዬ «ስለ ውሉ በኋላ የተጻፈውን ተዪውና የዘመኑን ሰነድ አምጪ» አሉኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ለሳምንታት ለመቀመጥ ገንዘብም ጊዜም የለኝም። በስልኬ ስፈልግ የማገኘው አንዱ ከሌላው የቀዳውን ጽሑፍ ነው፤ ቀኑ እንኳን እርስ በርሱ አይስማማም። ከየት ልጀምር? (የአምባሰል ልጅ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንቺ ዕድሜ እያለሁ እኔም ይህንኑ ውል መርጬ ነበር። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ዘመድ ቤት አርፌ፣ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ብዕር ስለማይፈቀድ በእርሳስ ዘጠኝ ቀን ስገለብጥ ሰነበትኩ። ጽሑፉን ሳስረክብ አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «አንቀጽ 17ን በየትኛው ቋንቋ አነበብከው?» በእንግሊዝኛ አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ያን ቀን አኩርፌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ግን ያ ጥያቄ ከእኔ አልተለየም።

ቀኑ አልስማማ ስላለሽ በእሱ ልጀምር። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን ሜይ 2 ቀን 1889። ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ «እኔን የሚያስገድድ ውል አልገባሁም» ብለው ለጣልያኑ ንጉሥ ለኡምቤርቶ የጻፉት ደግሞ በመስከረም 1883 ነው፤ በአውሮፓውያን 1890፣ ማለትም ልዩነቱ 7 ዓመት። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምሪያለሽ። ብዙ ጸሐፊዎች ዓመቱን ሁሉ 8 ይደምሩና ሰነዱ ባልተጻፈበት ዓመት ሲፈልጉ ይውላሉ። በማስታወሻሽ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፊ።

ስሙም እንዲሁ ነው። «ውጫሌ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ብትፈልጊ የጣልያኖቹን ወረቀት አታገኚውም፤ እነርሱ «ኡቻሊ» ይሉታል፣ በሁለት ሲ እና በሁለት ኤል ይጽፉታል። ዓድዋም በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በድሮ እንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የምኒልክ ስም አጻጻፍማ ከዚህም ይበዛል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የስሞቹን አጻጻፍ አንድ ገጽ ሞልቼ እጽፋለሁ፤ ያ ገጽ ከአንድ ሳምንት ድካም ያድንሻል።

አሁን ወደ ሰነዶቹ። ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰው የነበረው ኤድዋርድ ኸርትስሌት የአፍሪካን ውሎች የሰበሰበበት ሥራ አለ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመው ሦስተኛ እትም ሦስት ጥራዝ ነው። የስልክሽ የዳታ ጥቅል እንዳያልቅ ሙሉውን ምስል አታውርጂ። ተራ ጽሑፍ ብቻ የያዘው ፋይል በጣም ትንሽ ነው፤ በእሱ ላይ ቃሉን ፈልጊና ገጹን ካገኘሽ በኋላ የዚያን ገጽ ምስል ብቻ ክፈቺ። ምስሉን ሳታዪ ግን አትጥቀሺ፤ ኮምፒውተሩ የድሮ ኅትመት ሲያነብ ፊደልና ቁጥር ያምታታል።

የጣልያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም የአገሩን የዲፕሎማሲ ሰነዶች በተከታታይ ጥራዞች አሳትሞ በድረ ገጹ በነጻ አውጥቷቸዋል። አንቺን የሚመለከተው ከ1870 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. ያለው ሁለተኛው ተከታታይ ነው። ውሉን የተደራደረውን የፒየትሮ አንቶኔሊን ስምና የጠቅላይ ሚኒስትሩን የክሪስፒን ስም እያስገባሽ ፈልጊ። በተጨማሪ የጣልያን መንግሥት ለፓርላማው የሚያቀርባቸው የሰነድ ጥራዞች ነበሩ፤ «አረንጓዴ መጽሐፍ» ይባላሉ፣ የእንግሊዝ ሰማያዊ፣ የፈረንሳይ ቢጫ እንደሚባለው። የዘመኑን ጋዜጣ ከፈለግሽ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ አለልሽ፤ የአውስትራሊያው ትሮቭና የኒውዚላንዱ ፔፐርስ ፓስትም በነጻ ይከፈታሉ። ጋዜጣው ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሰማ ያሳይሻል እንጂ የሆነውን ነገር በእሱ ብቻ አታረጋግጪ።

እዚህ ላይ ቆም በይና አስቢ። እስካሁን የቆጠርኩልሽ ሁሉ የሌላው ወገን ወረቀት ነው። በቀላሉ የሚገኘው ሰነድ፣ ማተሚያ ቤት የነበረውና ዓለም እንዲያምንለት የፈለገው ወገን ያሳተመው ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል፤ በጣልያን መንግሥት በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ማለት ነው። ጣልያን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ያስታወቀችው ይህንኑ የራሷን ንባብ ይዛ ነው። ኸርትስሌት ያሳተመው እንግሊዝኛም የሚከተለው ጣልያንኛውን ነው። እኔ በዘጠኝ ቀን የገለበጥኩትም ይኸው ነበር፤ የምኒልክን ውል የክሪስፒ መንግሥት እንዳነበበው አንብቤ፣ ሰነድ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአንቀጽ 17 ሁለት ቁጥር ዝቅ ብለሽ አንቀጽ 19ን አንብቢው። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ፍጹም መስማማታቸውንና እኩል መጽናታቸውን የሚናገር አንቀጽ ነው። ስለ 17 በየቦታው ይጻፋል፤ 19ን የሚያነሳ ተማሪ ግን በዘመኔ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ብሆን ጽሑፌን የምጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ የአማርኛውን ቃል ሳታገኚ አትጻፊ። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ መርምረዋል። ጥናቱ ራሱ የዘመኑ ሰነድ አይደለም፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ በየትኛው ቤተ መዛግብት እንደተቀመጠ ይመሩሻል። ያንን ዝርዝር ይዘሽ፣ አማካሪሽን የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፈሽ፣ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ጻፊ። «ስለ ውጫሌ ያላችሁን ላኩልኝ» ካልሽ መልስ አትጠብቂ። የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑንና የሰነዱን መለያ ቁጥር ጠቅሰሽ የሁለት ገጽ ቅጂ ብትጠይቂ ግን ባለሙያው የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጣልያንኛውን በኮምፒውተር መተርጎሚያ ማንበብ ትችያለሽ፤ ለደብዳቤዎቹ ጭብጥ ይበቃል። ለአንቀጽ 17 ግን አይሆንም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ግስ ላይ ነውና ጣልያንኛ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ያሳይሽ። በቤተሰብሽ ወይም በጎረቤት ሮማ ወይም ሚላኖ የሚኖር ሰው ካለ ለዚህ ብቻ ብትደውዪለት አይከፋውም።

ያገኘሽውን ደግሞ ያኔውኑ አስቀምጪ። በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ጥቃት ሲመታ በድረ ገጹ ይነበቡ የነበሩ የብራና መጻሕፍት ምስሎች ለረጅም ጊዜ ተሰውረው ነበር። የገጹን ምስል፣ የሰነዱን መለያ ቁጥር፣ ያየሽበትን ቀን በአንድ ደብተር ላይ ጻፊ።

ጽሑፍሽ ሲያልቅ በመጽሔቱ አድራሻ አንድ ቅጂ ላኪልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። አንቀጽ 17ን በየትኛው ቋንቋና ከየትኛው ቅጂ እንዳነበብሽው በግርጌ ካላየሁ ግን አጥፌ እመልስልሻለሁ።