የፔዳጎጂካል ሴንተሩን ቁልፍ ለልጆቹ ስጡ

ሰላም ልጆች፣ ዘንድሮ አንደኛ ደረጃ ሳይንስ እንድታስተምሩ ለተመደባችሁት ነው የምጽፈው። እኔ 30 ዓመት የጠመኔ አቧራ ስውጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ያው ምክር የጡረተኛ ስራ ነው ቻሉኝ።

አንዴ ሱፐርቫይዘሮች ሊመጡ ነው ተባለና ሁለት ሳምንት ሙሉ ፔዳጎጂካል ሴንተሩን (የማስተማሪያ መርጃዎች የሚቀመጡበትን ክፍል) ሳሳምር ከረምኩ፣ ልብ ከጭቃ፣ ስርዓተ ፀሐይ ከካርቶን፣ ግድግዳው በቻርት ተሞላ፣ መጡ አዩ አጨበጨቡ ሰርተፍኬትም ሰጡኝ። ከዛ ቆለፍኩት። ልጆቹ እንዳይሰብሩት ብዬ ነው እኮ! ዓመቱን ሙሉ በመስኮት ነው ያዩት።

በሌላ ዓመት ደግሞ 6ኛ ክፍል ገብቼ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዷ "ቲቸር ለክተን እንየው" አለች። ከሃይስኩል ላብ ቴርሞሜትር ተዋስኩ (የሀኪሙን እንዳትሞክሩት፣ 42 ላይ ነው የሚያልቀው፣ ይፈነዳባችኋል)፣ ቡታጋዝ ከቤቴ ይዤ መጣሁ፣ ውሃው እየተንተከተከ 92 ላይ ቆመ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ንቅንቅ የለም። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ደግነቱ "ነገ እነግራችኋለሁ" ብዬ አመለጥኩ። ማታ ሳስበው አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል፣ 100 የሚገባው እንደ ጅቡቲ ባህሩ አጠገብ ነው። በነጋታው ስነግራቸው ያቺው ልጅ "እማዬ ንፍሮው አልበስል አለኝ የምትለው ለዛ ነው?" አለችኝ። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር ንፍሮው ትዝ ብሎኝ አያውቅም!

ሽልማት መፈለግ ነውር አይደለም፣ ደመወዛችንን እናውቀዋለን፣ ቢያንስ ስማችን ይጠራ። ግን ኢንስፔክሽን መጥቶ ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ 4 ሲመድበው ማስረጃ ይላችኋል፣ የዛን ጊዜ ቻርት ለመለጠፍ ከመሯሯጥ የልጆቹን ደብተር አውጡ፣ መጀመሪያ የገመቱትን፣ ለክተው ያገኙትን፣ የተሳሳቱትንም ሳታስጠፉ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ቴርሞሜትር አይዳረስም፣ እሱን አውቃለሁ፣ በየተራ እየመጡ ያንብቡ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ትንሽ ይንጫጫሉ በቃ።

ቁልፉን በመጨረሻ ለዛች ልጅ ሰጠኋት። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ቢከር ተሰበረ፣ አንድ ማጉያ መነጽር የት እንደገባ ጠፋ፣ ርዕሰ መምህሩም አንድ ወር አኮረፈኝ።